ኅዳር ይታጠናል፤ ወንዙስ?

ኅዳር 12 ቀን ማለዳ ከስድስት ኪሎ ግቢያችን ወጥቶ ቁልቁል ከተማውን ለተመለከተ ሰው፣ አዲስ አበባ በጢስ ውስጥ ተውጣ ትታየዋለች። ከየግቢው፣ ከየአጥሩ ሥር፣ ከየመንገዱ ዳር ጢሱ ይነሣል። ቅጠሉ፣ ጨርቁ፣ ወረቀቱ፣ አሁን አሁን ደግሞ ላስቲኩም ሳይቀር ተጠርጎ ተከምሮ ይነዳል። ዘንድሮም እንደ ልማዱ ሆነ። ከዶርማችን አንዱ ልጅ አስም አለበት። ሻርፑን አፍንጫው ላይ ጠቅልሎ አልጋው ላይ ተቀመጠና «ኧረ ይኸ በሽታ ማባረር ነው ወይስ በሽታ መጥራት?» አለን። ሌላው ጓደኛችን ተቆጣ፤ «ተው እንጂ! አባቶቻችን እኮ ያለ ምክንያት አልጀመሩትም» አለ። ክርክሩ ቁርስ ቤት ድረስ ተከተለን፤ ከቁርስም በኋላ አልበረደም። ይህችን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን እንግዲህ ይኸው የሁለቱ ልጆች ክርክር ነው።

የታሪክ ተማሪዎች እንደመሆናችን መጠን መጀመሪያ የጠየቅነው «ለመሆኑ ከመቼ ወዲህ ነው?» ብለን ነው። ነገሩ የሚጀምረው በ1911 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር 2 ቀን አንደኛው የዓለም ጦርነት አበቃ። ይሁን እንጂ ጦርነቱ ከፈጀው የበለጠ ሕዝብ የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ ገና ዓለምን እየዞረ ነበርና ለአዲስ አበባም አልተመለሰላትም። ሕዝባችን «የኅዳር በሽታ» አለው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተረፉ። በከተማዋ ብቻ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ቤተሰብ በሙሉ ተኝቶ ጥርኝ ውሃ የሚያቀብል የታጣበት ቤት ብዙ ነበር። ቀባሪውም ታማሚ ሆነ።

ታዲያ ሰው ምን ያድርግ? በሽታው ከቆሻሻ ከሚነሣ ክፉ አየር የሚመጣ መሰለው። ስለዚህ ቆሻሻው ተጠርጎ እንዲቃጠል፣ ሰፈሩም በጢስ እንዲታጠን ሆነ። ቀኑ የኅዳር ሚካኤል ነበርና ልማዱ ከበዓሉ ጋር ተቆራኝቶ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ እኛ ዘንድ ደረሰ።

ዛሬ የኢንፍሉዌንዛ ምክንያቱ ቫይረስ መሆኑ ይታወቃል። ተመራማሪዎች ከሰው ላይ ለይተው ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በትንፋሽና በሳል ነው፤ የቅጠል ጢስ አይነካውም። እንዲያውም የታመመ ሳንባን ጢስ ያባብስበታል። እንግዲያው አስም ያለበት ጓደኛችን እውነት አለው።

ነገር ግን ሁለተኛው ጓደኛችንም ቢሆን እውነት አለው፤ እንዲህ ነው። ልማዱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። አንድ ሰው ብቻውን ኅዳርን አያጥንም። ጎረቤቱ ቆሻሻውን ከምሮ እያለ የራሱን ደጃፍ ብቻ ቢጠርግ ዋጋ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ድኻው ከሀብታሙ፣ የላይ ሰፈሩ ከታች ሰፈሩ ጋር በአንድ ቀን ይነሣል። ይኸ ማለት አባቶቻችን አንድ ትልቅ ነገር ተረድተው ነበር ማለት ነው፤ ጤና የአንድ ቤት ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ከተማ እርስ በርሱ የተያያዘ አንድ አካል እንደሆነ አውቀዋል። የተሳሳቱት የትኛው ክር ከየትኛው ጋር እንደተሳሰረ በመለየቱ ላይ ነው። እኛስ ለይተነዋል ወይ? የጽሑፋችን ጥያቄ ይኸ ነው።

ክፉ አየርን የፈሩት የእኛ አባቶች ብቻ አይደሉም። ከኅዳር በሽታ ሰባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በዘመኑ የዓለም ትልቋ ከተማ በነበረችው በለንደን፣ መሐንዲስና ገንዘብ ያላቸው ሰዎች በዚሁ እምነት ከተማቸውን ጎድተዋል። ታሪኩ ትምህርት አለውና እስቲ ለጥቂት ጊዜ ወደዚያ እንሻገር።

ኤድዊን ቻድዊክ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1842 ስለ ሠራተኛው ሕዝብ የጤና ሁኔታ የታወቀ ሪፖርት አወጣ። የድኻው ሠፈር ጭቃና ጉድፍ ዕድሜውን እንደሚያሳጥረው በማስረጃ ያሳየ ሰው ነውና ሊመሰገን ይገባዋል። ግን ለእሱ በሽታ ማለት ሽታ ነበር። ሽታው ከየቤቱ እንዲወገድ የሽንት ቤቱ ጉድጓዶች እየተዘጉ ፍሳሹ በቦይ ወደ ቴምዝ ወንዝ እንዲታጠብ ተደረገ። ቤቱ ጸዳ። ወንዙ ግን የሕዝቡ መጠጥ ነበር! ውሃ የሚሸጡት ኩባንያዎች ከዚያው ከቴምዝ እየቀዱ በቧንቧ ለየቤቱ ያከፋፍሉ ነበር። እንግዲህ ከቤት በጓሮ የወጣው በፊት ለፊት በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በ1848 እና በ1849 ኮሌራ መጥቶ በለንደን ወደ 14 ሺህ ሰው ገደለ። በክፉ ሐሳብ የተደረገ አንዳችም ነገር አልነበረም፤ ግን አንዱን ጫፍ ሲይዙ ሌላውን ጫፍ አላዩትም።

ሌላውን ጫፍ ያየው ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በብሮድ ጎዳና የነበረችውን የውሃ ፓምፕ እጀታ እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 1854 በማስነቀሉ ነው። ለእኛ ግን የበለጠ የደነቀን ሁለተኛው ሥራው ነው። በደቡብ ለንደን ሁለት የውሃ ኩባንያዎች በአንድ መንገድ ላይ እየተሻሙ ቧንቧ ዘርግተው ነበር፤ የአንዱ ደንበኛ ከሌላው ደንበኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ላምቤዝ የተባለው ኩባንያ በ1852 የሚቀዳበትን ቦታ ከከተማው ፍሳሽ በላይ ወዳለው የወንዙ ክፍል አዛወረ። ሳውዝዋርክና ቮክስሆል የተባለው ግን ከከተማው መካከል መቅዳቱን ቀጠለ። ስኖው በ1854ቱ ወረርሽኝ በየበሩ እየዞረ የሞተውን ቆጠረ። ከወንዙ መካከል በሚቀዳው ኩባንያ ደንበኞች ዘንድ በየአሥር ሺህ ቤት 315 ሰው ሞቶ ሲገኝ፣ ከላይ በሚቀዳው ዘንድ 37 ብቻ ሆነ። አየሩ ያው ነው፤ መንገዱ ያው ነው፤ ጎረቤትም ናቸው። የለያቸው ከመሬት ሥር ያለ፣ ማንም የማያየው ቧንቧ ነው።

ቀጥሎ የሆነውም ያስገርማል። በ1858 በጋ ቴምዝ ስለገማ በወንዙ ዳር ያለው ፓርላማ መቀመጥ አቃተው። አፍንጫቸው ሲነካ ሕጉ ፈጥኖ ወጣ! ጆሴፍ ባዛልጄት የተባለው መሐንዲስ ፍሳሹን ሁሉ ሰብስበው ከከተማው በስተ ምሥራቅ የሚያወርዱ ታላላቅ ቦዮችን ሠራ። በ1866 ኮሌራ ሲመለስ በብርቱ የመታው ሥራው ገና ያላለቀበትን የምሥራቁን ክፍል ነበር። ከዚያ ወዲህ ለንደን ውስጥ እንዲያ ያለ የኮሌራ ወረርሽኝ አልታየም። ነገር ግን «ከከተማው በታች» ማለትም አድራሻ ነው፤ እዚያም ሰው አለ። በ1878 ፕሪንሰስ አሊስ የተባለች የመንገደኞች መርከብ በዚያው ፍሳሹ በሚለቀቅበት አካባቢ ተጋጭታ ሰጠመችና ከስድስት መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ወንዙም በጊዜው በፍሳሽ የተሞላ ነበር። የከተማው ሰው ፍሳሹን ከመልቀቁ በፊት ስለ ማጣራት በብርቱ ማሰብ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አዲስ አበባ እኮ የጤና ልጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቤተ መንግሥቱ በእንጦጦ ተራራ ላይ በነበረ ጊዜ ብርዱ፣ የእንጨቱና የውሃው ችግር ሰውን አስመረረ። ወደ ፍል ውሃ እየወረደ መታጠብ ለበሽተኛም ለጤነኛም ደስ የሚል ነገር ሆነ። እቴጌ ጣይቱም ቦታውን ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ተቆረቆረች። ሌላ ከተማ በገበያ ወይም በወደብ ይጀመራል፤ የእኛ የተጀመረችው በሚያድን ውሃ ዳር ነው።

አሰፋፈሯም የታወቀ ነው። መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ጉብታ ጉብታውን ይዘው ከነሠራዊታቸው ሠፈሩ። «ሰፈር» የሚለውም ቃል ከዚያው ነው። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ሸለቆና ወንዝ ወሰን ሆነ። ከዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ እንፈልጋለን። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔና ሌሎቹም ወንዞች የአንድ ሰፈር መካከል ሳይሆኑ የሁለት ሰፈር ጠርዝ ሆነው ተወለዱ። የወሰን ቦታ ባለቤት የለውም። ሁሉም ጀርባውን ሰጠው፤ ጓሮውን፣ ኋላም ሽንት ቤቱን ወደዚያ አዞረ። እንግዲህ ዛሬ ወንዞቻችን የማንም ሆነው የቀሩት በዛሬው ሰው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ከተማዋ ስትሠፍር የተጻፈ ታሪክ አላቸው።

እንጨቱም እንዲሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዙሪያው ያለው ደን አለቀና ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደረሱ። ከተማዋን ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ግን ክሩን ተከተሉት፦ ባሕር ዛፉ ማገዶ ይሆናል፤ ማገዶውን ከእንጦጦ ቁልቁል በጀርባቸው የሚያወርዱት እናቶች ናቸው፤ ማገዶው መስኮት በሌለው ማድ ቤት ይነዳል፤ ጢሱን የሚስቡት ደግሞ ያቺው እናትና ያዘለችው ሕፃን ናቸው። ከተማዋን ያዳነው ዛፍ በሌላ በኩል ሳንባ ውስጥ ገባ። ኅዳር በዓመት አንድ ቀን ይታጠናል፤ ማድ ቤቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ሲታጠን ይኖራል።

በ1880ዎቹ የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ የቧንቧ ውሃ አወረደ። ከዚያ ወዲህ በገፈርሳ፣ በለገዳዲ፣ በድሬ ግድቦች ተሠሩ፤ ውሃውም ከከተማዋ ውጭ ከገበሬው አካባቢ ይመጣል። የሚገባው ውሃ እንዲህ ቀድሞ ሲታሰብለት፣ የሚወጣው ውሃ ወደ ኋላ ቀረ። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ የተሠራው ከተማዋ ወደ መቶ ዓመቷ ስትቃረብ ነው። ውሃ ያስገባ ሁሉ ውሃ ያስወጣል፤ ይኸን ለማወቅ የግድ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ቧንቧ በበዛ ቁጥር ማስወጫ ካልተሠራ ወንዙ ይሞላል።

ከተማን ቆርጦ መለያየት ይቻላል ብለው የሞከሩም ነበሩ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ነጩን ከጥቁሩ የሚለይ ፕላን አወጣ፤ ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ መርካቶ የሚለው ስም የዚያ ቅርስ ነው። ወራሪው በአምስት ዓመቱ ወጣ። ፕላኑ አላለቀም፤ ቢያልቅም ኖሮ ትንፋሽና ዝንብ የዘር ወሰን እንደማያውቁ ማንም ሕፃን ይነግረዋል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነ። ብዙ ድኻ በጥቂት ብር ኪራይ ጥላ አገኘ፤ ይኸ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ኪራዩ ለጥገና የማይበቃ ነበርና በየቀበሌው ቤት የጋራ ሽንት ቤቱ ሲሞላ «ማን ያስመጥጠው?» የሚለው ጥያቄ መልስ አጣ። ዝናም ሲመጣ መልሱን ጎርፉ ይሰጠዋል።

በመጽሐፍ ብቻ እንዳይሆን ብለን አንድ ቅዳሜ አምስት ሆነን በእግራችን ወረድን። ከእንጦጦ ሥር ውሃው ኩል የመሰለ ነው፤ ልጆች እየቦረቁ ይታጠባሉ። ከተማው መካከል ስንደርስ መልኩ እንደ ዕጣቢ ሆነ፤ ከየጓሮው የተዘረጋው ቱቦ ወደ ወንዙ አፉን ከፍቶ ቆሟል። እውነቱን ለመናገር ከእኛም አንዳችን ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት ቱቦ እዚያው ነበር፤ ሲያሳየን አፈረ። በታክሲ ወደ አቃቂ በኩል ወርደን ስናይ ደግሞ በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ለምልሟል። አንድ አትክልተኛ ሽማግሌ አገኘንና፣ ሳንፈራ ሳናፍር «አባባ፣ በዚህ ውሃ ያጠጣሉ እንዴ?» ብለን ጠየቅናቸው። ዶማቸውን ተደግፈው ቀና አሉና «ልጆቼ፣ እናንተ ከላይ የላካችሁልንን ነው እኮ መልሰን የምንልክላችሁ» አሉን። ዝም አልን። የዶርም ምሳችን ጎመን ከየት እንደሚመጣ ያን ዕለት ገባን።

ወንዙ ከዚያም አያቆምም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። አባ ሳሙኤል በጣልያን ዘመን የተጀመረ፣ ለአገራችን የውሃ ኃይል መብራት ፈር ቀዳጅ የሆነ ግድብ ነው። ከላይ በሚወርደው ደለልና በእምቦጭ ተጨንቆ ለረጅም ዘመን ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ ነው በ2009 ዓ.ም. ገደማ ታድሶ የተነሣው። ከዚያ ውሃው አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ከባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፤ ቆቃን፣ የመስኖ እርሻዎቹን፣ የአፋርን ምድር አልፎ እዚያው በጨው ሐይቆቹ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ እኛ የጣልነው «ሄደ» ብለን የምንገላገለው ባሕር እንኳ የለንም። የሚቀረው አገራችን ውስጥ ነው።

ደረቁ ቆሻሻም ያው ነው። ለሃምሳ ዓመት ያህል የከተማው ሁሉ ጥራጊ «ቆሼ» ላይ ሲከመር ኖረ። ተራራ ሆነ፤ ከተራራው ሥርም ድኻ ጎጆውን ቀለሰ፤ ከጥራጊው ውስጥ ፕላስቲክና ብረት እየለቀመ ኖረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተራራው ተንዶ ከመቶ ዐሥር በላይ ሰው ቀበረ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2008 ክረምት ደግሞ የአተት ወረርሽኝ አዲስ አበባ ውስጥ ገብቶ ነበር። ለየብቻ ስናያቸው አንዱ የመሬት መናድ፣ አንዱ የሆድ በሽታ ነው። አያይዘን ስናያቸው ግን ሁለቱም ከከተማ የወጣው ነገር የት እንደሚደርስ አለማሰባችን ያመጣው ነው።

ጽሑፉን ለጓደኞቻችን ስናነብ አንዱ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ጣልቃ ገባ። «ይኸ ሁሉ ክር መቁጠር ምንድን ነው? በሽታው ድህነት ነው። ድህነት ሲጠፋ ቆሻሻውም ይጠፋል» አለን። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ግን እስቲ ለንደንን እናስታውስ፤ በዓለም ሀብታም የነበረችው ከተማ ናት የራሷን ፍሳሽ የጠጣችው። ገንዘብ ሌላውን ጫፍ ካላየ ቆሻሻውን ራቅ አድርጎ ይገፋዋል እንጂ አያጠፋውም። በሌላ በኩል ጓደኛችን የተናገረው እውነት እዚህ ላይ ነው፦ ሁላችንም በአንድ ክር ብንታሰርም እኩል አልታሰርንም። ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው። ከላይ ያለው ንጹሑን ቀድቶ ዕጣቢውን ይለቃል፤ ከታች ያለው ዕጣቢውን ተቀብሎ ቢታመም ለሐኪም የሚከፍለው የለውም። ስለዚህ «ከተማ አንድ አካል ነው» ስንል ሁሉም እኩል ይጎዳል ማለታችን አይደለም፤ ማን በማን ላይ ምን እንደሚያወርድ ይታይ ማለታችን ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? ክፋቱ ላዩ ረጋ ብሎ የሚታይ መሆኑ ነው።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? አንዱ መሥሪያ ቤት ውሃ ያስገባል፣ ሌላው ጥራጊ ያነሣል፣ ሦስተኛው ቤት ይሠራል፣ አራተኛው በሽተኛ ያክማል። እያንዳንዱ የራሱን ደጃፍ ጠርጎ ወደ ጎረቤቱ ሊገፋ ይችላል። በግቢያችንም ቢሆን ጂኦግራፊው ወንዙን፣ ሕክምናው ትሉን፣ ምህንድስናው ቱቦውን፣ እኛ ደግሞ ዘመኑን ለየብቻ እንማራለን። ስኖው ሐኪም ሆኖ ሳለ የቧንቧ መሥመር ባይከተልና በየበሩ ባያንኳኳ ኖሮ ምንም አያገኝም ነበር። የታሪክ ተማሪ ሥራ እንግዲህ የሞቱ ነገሥታትን ስም መደርደር ብቻ አይመስለንም። ይህች ቱቦ ለምን ወደዚህ ዞረች፣ ይህ ሰፈር ለምን ለወንዙ ጀርባውን ሰጠ ብሎ መጠየቅም ታሪክ ነው።

ኅዳርን አታጥኑ አንልም። እንዲህ ያለ ከተማውን ሁሉ በአንድ ቀን የሚያስነሣ ልማድ ማን አለው? ይልቁንስ ቀኑ ይኑር፤ መጥረጊያውም ይነሣ፤ ላስቲኩ ግን አይቃጠል፤ ጥራጊው ከየሰፈሩ ተለይቶ ተሰብስቦ የት እንደደረሰ ይታወቅ። በዚያውም ዕለት ጀርባችንን የሰጠነውን ወንዝ ዞር ብለን እንየው።

አስም ያለበት ጓደኛችንና የተቆጣው ጓደኛችን በዚህ ተስማምተዋል። በሚመጣው ዓመት ኅዳር 12 ከየትምህርት ክፍሉ የፈለገ ሁሉ ደብተርና እርሳስ ይዞ ይምጣ፤ ከእንጦጦ ሥር እስከ አቃቂ በእግር እንወርዳለን፤ የትኛው ቱቦ ከየት መጥቶ የት እንደሚገባ ጽፈን በዚህችው መጽሔት እናወጣዋለን። አትክልተኛውንም ሽማግሌ ሄደን እንጠይቃቸዋለን። መገናኛው ቀበና ድልድይ፣ ከጧቱ በ1 ሰዓት ነው።